ዛፍ ያከበረ ሁሉ ድሩይድ አይደለም

የአገው ምድር አበው ለዛፍና ለምንጭ ያሳዩት የነበረው አክብሮት «የእኛው ድሩይድነት» ነውና የአያቶቹን መንፈሳዊነት መማር የሚሻ የእንጅባራና የዳንግላ ወጣት ከአውሮፓ የድሩይድ መጻሕፍት ይጀምር የሚለውን ታትሞ የወጣ አስተያየት አንብበን በዝምታ ማለፍ አልተቻለንም።

ጸሐፊው በመምህርነት ያቀረቡልን ድሩይዶች ምስጢረ ትምህርታቸውን በጽሕፈት ያላስተላለፉ፣ ዛሬም በአብዛኛው አገራቸውን በወረረው በዩልዮስ ቄሳርና በመሰሎቹ ብዕር የሚታወቁ የጥንት ኬልቶች ካህናት ሲሆኑ፣ አሁን በስማቸው የሚጠራው ሥርዓት ግን ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተደራጀ፣ ከፊሉንም ኢዮሎ ሞርጋንውግ የተባለው የዌልስ ባለቅኔ ራሱ ደርሶ የጥንት ነው ብሎ ያቀረበው ነው። የተቋረጠ ትውፊት ላልተቋረጠው መምህር ሊሆን እንዴት ይችላል?

የእኛ ነገር ምስክር አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ አገዎች በዓባይ ምንጭ ዘንድ በየዓመቱ ጊደር እየሠዉ እንደሚጸልዩ ጽፏል። ዛሬ ሕዝቡ በብዛት የተዋሕዶ ልጅ ነው፤ ጽዱና ዝግባው በየደብሩ ዐጸድ ከመጥረቢያ ተርፎ የቆመውም ስለ ታቦቱ ክብር ነው። ይህን ሁሉ በባዕድ ስም መጥራት አበውን ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ የቀደመው አምልኳቸው የራሱን መልክ ያጣል፣ የኋላው ሃይማኖታቸውም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

እንግዲህ አንተ ጀማሪ ሆይ፣ በአዊ ዞን ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የአገዎቹን ቋንቋ አውኝኛን አጥና፤ በቋንቋውም የባንጃንና የአንከሻን አረጋውያን፣ በየደብሩም ያሉትን ካህናት በሕይወት ሳሉ ጠይቅ።