«ኤረር 2» ብቻ አትላኩልን



የምህንድስና ተማሪዎች በምንረዳዳበት የቴሌግራም ግሩፕ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ፎቶ በዝቷል። ፍሪካድን ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት የሞከረ ልጅ ስክሪኑን በስልኩ ያነሳና ይልካል። የሚታየው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፦ «ሜክ፦ ኤረር 2»። ወዲያው መልስ ይዘንባል። «ኡቡንቱን እንደገና ጫነው»፣ «ይህን በሱዶ አስኪደው»፣ «ተወውና ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ውሰድ»።

እኛ በሦስቱም አንስማማም። «ኤረር 2» የሚነግረን ሜክ የጠራው ሥራ መክሸፉን ብቻ ነው። ምክንያቱ ከላይ ነው፤ አንዳንዴ መቶ መስመር ከፍ ብሎ። በተለይ ስምንት ሥራ አብሮ እንዲሄድ ከታዘዘ የአንዱ ስህተት በሌሎቹ መልእክት መሃል ይቀበራል። ስለዚህ በአንድ ሥራ ብቻ ደግሞ ማስኬድ፣ መልእክቱን በሙሉ ፋይል ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ስህተት መፈለግ ነው። መድረሳ የቀራ ያውቀዋል፤ ኡስታዝ ተማሪውን የሚመልሱት የሳተው ሐርፍ ላይ እንጂ የቆመበት ላይ አይደለም።

የመጀመሪያው ስህተት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ስሙ በ«ነጥብ ኤች» የሚያልቅ ፋይል አልተገኘም ካለ፣ ላይብረሪው ራሱ ቢኖርም ለመገንቢያ የሚያስፈልገው ክፍል አልተጫነም ማለት ነው። የዚያ ፓኬጅ ስም ኡቡንቱ ላይ በ«ዴቭ»፣ ፌዶራ ላይ በ«ዴቨል» ያልቃል። ኦፕን ካስኬድ ከጎደለ ደግሞ ግንባታው ሳይጀመር ሲሜክ ይናገራል። ከተጫነ በኋላም ሲሜክ የድሮውን መልስ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል የቢልድ ፎልደሩን አጥፍቶ መጀመር ይሻላል። «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ሌላ ነው፤ እዚያ የጎደለው ሊንከሩ ሲያያይዝ የፈለገው ነገር ነው። «ኪልድ» የሚል ቃል ካያችሁማ ኮዱን አትመርምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራም አልቆ ነው። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ስምንት ሥራ ማስኬድ ይከብዳል፤ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ኡቡንቱን እንደገና መጫን ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊጋ ይበላል። ክራኩ የሰው ሐቅ ነው፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣም ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ለአሳይመንት ስዕል ብቻ የፈለገው ሰው መገንባትም አያስፈልገውም። ፍሪካድ ተዘጋጅቶ በአፕኢሜጅ በነጻ ይገኛል። መገንባት ኮዱን መቀየር ለሚፈልግ ነው።

የምትጠይቁ ፎቶውን ተዉትና የመልእክቱን ሙሉ ፋይል፣ የኡቡንቱውንና የፍሪካዱን ቨርዥን ጨምራችሁ ላኩ። የምትመልሱም ትእዛዝ ስትልኩ፣ በተለይ ሱዶ ካለበት፣ ምን እንደሚሠራ አንድ መስመር ጻፉ። ሳይገባት የገለበጠች እህት ሌላ ላይብረሪ ሲጎድል ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች፤ መላሾቹም በፈተና ሰሞን ቁጥራችሁ ሁለት ሦስት ብቻ ነው።