የሽሮ ቤቱ ዱቤ

ባለፈው እሑድ ከሥራ ዕረፍት ስናገኝ ለየት ያለ ጉዳይ ይዘን ወጣን። በተማሪነታችን ጊዜ የበላንባቸውን ምግብ ቤቶችና ትኩስ ዳቦ የገዛንባቸውን መጋገሪያዎች አንድ በአንድ ልንጎበኝ፥ ከዚህም ሌላ በአንዲት ሽሮ ቤት ያለብንን የ140 ብር ዱቤ ልንከፍል አስበን ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፥ ከዚያም ወደ ፒያሳ በእግራችን ወረድን።

ይኽ ዱቤ እንዴት እንደ መጣ ብንናገር ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የራሳቸውን ታሪክ የሰሙ ይመስላቸዋል። ከቤት የተላከው ገንዘብ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅ ተማሪ የሚሄደው ፊቱን አይታ ወደምታውቀው ባለ ምግብ ቤት ነው። እኛም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት በፒያሳ ቁልቁለት በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ አራት አግዳሚ ወንበር ዘርግተው ተጋቢኖ ሽሮ በሸክላ ድስት እየፈላ ያቀርቡልን ነበር። ዋጋው 35 ብር ነበር። ገንዘብ ሲጠፋ ስማችንን በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ መታወቂያ አይጠይቁም፤ «ስትመረቁ ትከፍላላችሁ» ማለት ልማዳቸው ነበር። ተመረቅን፤ ሥራ ያዝን፤ ደመወዝም ተቀበልን። ዳሩ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። ጥፋቱ የራሳችን ነው።

በመንገዳችን መጀመሪያ የገባነው አራት ኪሎ አጠገብ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት ነበር። አስተናጋጁ አላጣንም፤ ቦምቦሊኖውም እንደ ወትሮው ስኳር ተነስንሶበት ቀረበ። ዋጋው ግን በተማሪነታችን ከከፈልነው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ቀጥሎ ያለው ዳቦ ቤትም በቦታው አለ፤ ሰልፉም አለ፤ ዳቦው ግን ከስቷል። ባለቤቱን ብንጠይቃቸው «ዱቄቱ ነው ልጆቼ፤ ዘይቱ ነው» ብለው መለሱልን። ምሳችንንም በአንዲት ሌላ ሽሮ ቤት ብንበላ ለአንድ ሰው 150 ብር ከፈልን።

የዳቦ ጋጋሪው መልስ ትክክል ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል የተነሣው ጦርነት በዓለም ገበያ የስንዴንና የምግብ ዘይትን ዋጋ ከፍ አደረገ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንግሥትም በበኩሉ የዳቦን ችግር ለማቃለል ብዙ ነገር ሞክሯል። ለምሳሌ ያኽል በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በቀን እስከ 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲጋግር ታስቦ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ዳቦ ይሰጣል እንጂ ወንበር አይሰጥም፤ ዱቤም አይጽፍም። ድኻ ተማሪና ጀማሪ ሠራተኛ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋሉ።

ወደ ፒያሳ ስንደርስ ሽሮ ቤቷን አጣናት። እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ነገሩን በሚዛን ማየት ይገባል። ዛሬ በዚያ የሚሄድ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድና የማታ መብራት ያገኛል፤ የፈረሱትም ቤቶች አብዛኞቹ ጭቃቸው የረገፈ፥ መጸዳጃ የሌላቸው ነበሩ። እነዚያን ቤቶች ለመኖሪያነት የሚናፍቅ ሰው ካለ ምናልባት ኖሮባቸው አያውቅም።

ነገር ግን የ35 ብሩ ሽሮ ከየት ይመጣ እንደ ነበር መጠየቅ አለብን። መልሱ ከድስቱ ይልቅ በኪራዩ ላይ ይገኛል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሀብት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለብዙ ዘመን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። በዚያ ዝቅተኛ ኪራይ የተቀመጠች ባለ ሽሮ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ ልትሸጥ ቻለች፤ ደንበኞቿም በዙሪያዋ የሚኖሩ ጎረቤቶችና በየቢሮው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ቤቱ ሲፈርስ ሁለቱም በአንድ ቀን ሄዱ፤ ርካሹ ኪራይም፥ በእግሩ የሚመጣው ደንበኛም። ምትክ ቤት ያገኘ ነዋሪ ቢኖር እንኳ መኖሪያውን እንጂ ገበያውን ይዞ አይሄድም።

ስም ያላቸው ቤቶች ዕጣቸው የተለየ ነው። በ1898 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት በተጎዳ ጊዜ ወሬው ለአገር ተዳረሰ፤ ሆቴሉም ተጠግኖ እንግዶቹን እንደገና ተቀበለ። ይኽም መልካም ነው። ነገር ግን የሽሮ ቤቷን መጥፋት የሚያውቀው ምሳውን ያጣው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእኩዮቻችን የምንለው አለን። ከእናንተ አንዳንዶቹ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ፕላን ያነባሉ፥ ውል ያዘጋጃሉ፥ የኪራይ ተመን ያወጣሉ። አዲስ ሕንፃ ሲታቀድ ከምድር ቤቱ ጥቂት ክፍል በመጠነኛ ኪራይ ለአነስተኛ ምግብ ቤትና ለዳቦ መጋገሪያ ቢመደብ፥ ከሥፍራው የተነሡትም ባለ ሙያዎች ቅድሚያ ቢያገኙ ከተማው ውበቱን አያጣም። ውሃውና መጸዳጃው የተሟላለት ንጹሕ ሽሮ ቤት ከሰፊው መንገድ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። ይኽን ሳያስቡ የሚፈርሙ ካሉ ነገ በምሳ ሰዓት የሚበሉበት ሲያጡ ማንንም ሊወቅሱ አይገባም።

ወደ ዱቤያችን እንመለስ። በአካባቢው ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ እትዬን ያውቃቸዋል። ሩቅ ሰፈር እንደ ገቡ፥ ምግብ ቤቱን እንደ ተዉት፥ ነገር ግን በየወሩ በ23 ቀን ጊዮርጊስን ለመሳለም እንደሚመጡ ነገረን። በመጪው 23 ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንጠብቃቸዋለን። ሒሳቡንም በመንገድ ላይ ተነጋግረንበታል። ያን ጊዜ 140 ብር አራት ድስት ሽሮ ነበረ፤ ዛሬ አንድም አይገዛም። እኛ የበላነው ሽሮ ነውና በዛሬው ዋጋ የአራት ድስት 600 ብር ይዘን እንሄዳለን።