«ሁለቱን ውሰድ፣ ልቀንስልህ» ሲሉን



«ጌም የሚችል ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፤ አንድ ደህና ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ ሁለት ያገለገሉ?» የሚል ጥያቄ ዘንድሮ ከጀመዓችን ልጆች ደጋግሞ መጥቶብናል። ስለ ጌም ብይኑን ለኡስታዞቻችን ትተን እኛ ስለ ገንዘቡ ብቻ እንናገር። ገንዘቡ ቀላል አይደለምና። ከጠየቁን ወንድሞች የአንዱ እናት ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይቸረችራሉ። ለኮምፒውተሩ የያዘው ብር ከዚያ መደብ በጥቂት በጥቂቱ የተጠራቀመ ነው። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች አንዱ ገብቶ ዋጋ ሲጠይቅ ሻጩ ሁለት ተመሳሳይ ካርዶች አውጥቶ «ሁለቱን ውሰድ፣ ልቀንስልህ፤ አቅሙ እጥፍ ይሆንልሃል» አለው።

አቅሙ እጥፍ አይሆንም። የኛ አቋም አንድ ካርድ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እንንገራችሁ፤ ሻጩም ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። ሁለት ካርድ አጣምሮ ማሠራት እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪ ዲኤፍኤክስ በተባለው ኩባንያ ቩዱ 2 ካርዶች ታወቀ። ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ ብሎ መለሰው፤ ተፎካካሪው ወገን ደግሞ በ2005 ክሮስፋየርን አመጣ። ያኔ የጌም ሠሪዎቹም የኩባንያዎቹም ሰዎች ለየጌሙ ተጨንቀው ያስተካክሉት ነበር። አሠራሩ አንደኛው ካርድ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ምስል ሲስል ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን እንዲስል ነው። ተራ መጠባበቁ ሲዛነፍ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እየታየ ጨዋታው ግን ይንገጫገጫል። ጌሙ ሁለት ካርድ እንዲጠቀም ካልተሠራ ደግሞ ሁለተኛው ካርድ መብራት እየበላ ቁጭ ይላል።

ዛሬ ይህን የሚያስተካክል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ኤንቪዲያ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል በድራይቨሩ ማስገባት አቁሟል። ከ30ዎቹ የአርቲኤክስ ካርዶች ማጣመሪያው የቀረላቸው 3090 እና 3090 ቲአይ ብቻ ነበሩ፤ በ2022 የወጡት የ40ዎቹ ካርዶች ላይ ጭራሹን የለም። ስለዚህ «ሁለት አርቲኤክስ 3060 እሰጥሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ለጌም የማይጣመሩ ካርዶች ነው የሚሸጥላችሁ።

የሚጣመሩትን የድሮዎቹን እንያቸው። ጂቲኤክስ 1070 ባለ 8 ጊጋባይት ነው፤ 150 ዋት ይፈጃል። ሁለት ስታደርጉት 300 ዋት ይሆናል፤ ሜሞሪው ግን 16 አይሆንም። እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ቅጂ መያዝ ስላለበት ያው 8 ነው። አንዱን ሃንድአውት ሁለት ቦታ ፎቶኮፒ ብታስነሱት ሁለተኛ ምዕራፍ አይጨመርበትም። አንድ አርቲኤክስ 3060 ግን 12 ጊጋባይት ይዞ 170 ዋት ነው የሚወስደው። ኤስኤልአይ በደንብ የሚቀበል የድሮ ጌም ላይ ሁለቱ 1070ዎች ሊቀድሙት ይችላሉ። የድሮ ጌም ብቻ የሚጫወት ሰው ካለ ይሁንለት።

ሻጩ ያላነሳው ሌላ ወጪም አለ። ለሁለት ካርድ ሁለቱን የሚቀበል ማዘርቦርድና ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከፍለው ደግሞ ሙሉ ማሽኑ ነው። በሁለተኛው ካርድ ገንዘብ ደህና ፓወር ሰፕላይና ስታቢላይዘር መግዛት ከማናቸውም ፍጥነት ይሻላል እንላለን።

ሁለት ካርድ የሚጠቅማቸው ተማሪዎች መኖራቸውን አንክድም። በብሌንደር የሚሠሩ የአርክቴክቸር ልጆች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሞዴል የሚያሠለጥኑ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ሥራውን ለሁለቱ ካርዶች ማካፈል ይችላሉ፤ ያለ ኤስኤልአይም ይሆናል። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ መመልከት ያለባቸው የአንዱን ካርድ ሜሞሪ ነው። ብሌንደር ላይ የሠሩት ነገር አንዱ ላይ ካልገባ ሁለተኛው አያድናቸውም።

ያገለገለ መግዛት ለምን እንደበዛ ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አዲስ ካርድ ከተማሪ እጅ ራቀ። (ዋጋ የማንጽፈው ጋዜጣችን ታትሞ እስኪደርሳችሁ ስለሚለወጥ ነው።) በዓለም ገበያ ደግሞ ኢቴሪየም መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መመረት ሲያቆም፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የከረሙ ብዙ ካርዶች ለሽያጭ ወጡ። ተመሳሳይ ካርድ በጥንድ፣ በሦስት፣ በአራት ሲቀርብላችሁ የት እንደዋለ ጠይቁ። እዚያ የዋለ ሁሉ የተበላሸ ነው አንልም፤ ግን ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያው ሊያረጁ ይችላሉ፣ ይህም በዋጋው ላይ መታየት አለበት።

እናቶቻችን ሾላ ቅቤ ሲገዙ ሳያሸቱና ሳይቀምሱ ብር አያወጡም። ካርድም እንዲሁ ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ ተቀይሮ አዲስ የመሰለ የድሮ ካርድ ካጋጠማችሁ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ከዚያ ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክን ግማሽ ሰዓት አስነሱ፤ ሙቀቱን እዩ፣ ፋኑን ስሙ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከመጣ አመስግናችሁ ውጡ። «መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ከተባላችሁ ደግሞ በፊቅህ ኪታቦች ኺያሩ ሸርጥ የሚባል በር አለላችሁ፦ ለተወሰነ ቀን ሞክሮ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ መብት። በሻፊዒይ መዝሀብ ጣሪያው ሦስት ቀን ነው፤ አቡ ሐኒፋም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከሻጩ ጋር ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙበትና ደረሰኙ ላይ አስጽፉት። ለመሞከር ሦስት ቀን ይበቃል።

ከመገናኛ የመጣልን ወንድማችን ያንን ሱቅ «አንዱን ብቻ፣ በሦስት ቀን ሙከራ» ብሎ ጠይቆታል። ሻጩ አንዱን ነጥሎ ለመሸጥ እሺ አለ፤ ሙከራውን ግን አልቀበልም አለ። ወንድማችን ሌላ ሱቅ እያየ ነው። ሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ከእሱ ጋር ስለምንሄድ፣ የምትገዙ ካላችሁ አብራችሁን መምጣት ትችላላችሁ።