ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከሱቁ ጀርባ ያለው ማሽንና መጪው ዝናብ

በዚህ ዓምድ የአገራችንን ጉዳይ ስናነሳና ስንጥል መክረማችን ይታወቃል። ዛሬ ግን ከኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤቶችና ከሳን ሆዜ ሱቆች ጀርባ ወዳለው ግቢ ጎራ ብዬ፣ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ዕቃ ላወጋችሁ ነው። እሱም ሁላችንም «ኮምፓክተር» የምንለው የካርቶንና የቆሻሻ መጭመቂያ ማሽን ነው።

ርዕሱ ተራ የመሰለው ካለ፣ ስንቶቻችን በዚህ ማሽን አጠገብ ውለን እንደምናድር ያስብ። በሆቴሉ፣ በሱፐርማርኬቱ፣ በሆስፒታሉና በትልልቁ ሕንፃ የጽዳት ሥራ ላይ ያለው ወገናችን ብዙ ነው። የራሱን ግሮሰሪ ወይም ምግብ ቤት የከፈተውም አለ። የፈረቃው የመጨረሻ ሥራ ካርቶኑን ጎትቶ ኮምፓክተር ውስጥ መጣል ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ ብቻን፣ በዝናብ።

አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲከበር፣ እዚህ ደግሞ የዝናቡ ወራት ደጃፍ ላይ ነው። «የአዲስ አበባን ሐምሌና ነሐሴ ያየ ሰው የካሊፎርኒያ ዝናብ ምን ያስፈራዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ የኦክላንድን እጥፍ፣ የሳን ሆዜን ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ከስድስት ወር ፀሐይ በኋላ የሚመጣው ዝናብ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይወርዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2022 ዓ.ም. ኦክላንድ ላይ 4.75 ኢንች፣ ማለትም 120 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በአንድ ቀን ዘንቧል። በፌብሩዋሪ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሳን ሆዜ ውስጥ ካዮቲ ክሪክ ሞልቶ 14,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘው ነበር።

በዚያ ሁሉ ፀሐይ የማሽኑ ጎማ ቱቦና ጎሚኒ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዝናቡ ሲመጣ ውኃው የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። በሚኒሶታ ወይም በዴንቨር ላሉ ወገኖቻችን ጠላቱ ውርጭ ነው፤ ዘይቱ በብርድ ስለሚወፍር ቀጠን ያለ ዘይትና ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። የእኛ ጠላት ግን ውኃ ነው።

የማሽኑ ጉልበት ዘይት ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ሲሊንደሩም መጭመቂያውን ሰሌዳ ይነዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በስኩዌር ኢንች 2,000 ፓውንድ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የመኪናችሁ ጎማ 32 ወይም 35 እንደሚይዝ አስታውሱና አወዳድሩት። ዘይቱ ውስጥ ውኃ ሲገባ ፓምፑ ይበላል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል።

ስለዚህ ኦክቶበር ሳያልቅ ይህን አድርጉ። አንደኛ፣ የዘይቱን መልክ ማሳያ መስታወት ተመልከቱ። ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ጥገና ጥሩ። ሁለተኛ፣ የዘይት ጋኑ ክዳንና አየር ማስገቢያው በደንብ መገጠማቸውን እዩ። ሦስተኛ፣ ሥራ ሲያበቃ የሲሊንደሩ ዘንግ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ይደር፤ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፣ ዝገቱም ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ዙሪያ ያለው ጎማ ያልተቀደደ መሆኑን አረጋግጡ። ጎርፍ ነክቶት ከሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው ማንም አያብራው። አምስተኛ፣ ማጠፊያዎቹን ግራሶ ቀቡ።

ቱቦ ያፈስ እንደሆነ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አትፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ስንጥቅ የሚወጣው ዘይት ጓንትም ቆዳም በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ሲታይ ጭረት ይመስላል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካልከፈተውና ካላጠበው ግን ጣት ወይም እጅ ያስቆርጣል። መፈተሻው ቁራጭ ካርቶን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ነገ ድረስ ሳይባል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል፤ «የሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ገብቶብኝ ነው» ብሎ መናገር ነው።

ስለ ገንዘብም እናውራ። ትልቁ ኮንቴይነር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ በክብደት ነው። 8 ጫማ በ20 ጫማ የሆነ ክፍት ኮንቴይነር ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድ 100 ጋሎን ያህል ውኃ ይሆናል፤ ክብደቱ ከ800 ፓውንድ በላይ ነው። እንደዚያ እንደ 2022 መጨረሻ ያለ ቀን ሲመጣና ካርቶኑ ውኃውን ከጠጣው ወደ 4,000 ፓውንድ ይጠጋል። ለውኃ የቆሻሻ ዋጋ መክፈል ማለት ይህ ነው። ክዳን መዝጋት ዋጋ አያስከፍልም። ማሽኑ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ውሉን አውጡና ጥገናው የማን እንደሆነ አንብቡ፤ የጥገና ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አድርጉት።

ዘይት መሬት ላይ ከፈሰሰ ብዙዎቻችን የሚቀናን ውኃ ለቅቆ ማጠብ ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። በኦክላንድም በሳን ሆዜም የመንገድ ጎርፍ መውረጃው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዙና ወደ ባሕረ ሰላጤው ይሄዳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችንን ይዘን የምንዞርበት ሌክ ሜሪት የሚሰበስበው ይህንኑ ጎርፍ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ የስድስት ወሩን ዘይትና ቅባት በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይወስዳል። የፈሰሰው ላይ የድመት አሸዋ በትኑ፣ ሲመጠው ጥረጉ፣ በተዘጋ ዕቃ ለብቻው አስቀምጡ። ያገለገለ ዘይት በካሊፎርኒያ ሕግ አደገኛ ቆሻሻ ነውና ከጋርቤጁ ጋር አይጣልም። ወደ መውረጃው ከገባ ደግሞ ወዲያው ለከተማው አሳውቁ፤ ደብቆ መያዝ ቅጣቱን ያከብደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ገንዘብ ይመለሳል፣ እጅና ነፍስ አይመለሱም። ካርቶን ሲርስ ያብጥና ማሽኑን ያንቀዋል። ያኔ የቸኮለ ሠራተኛ በእግሩ ሊረግጠው ወይም ውስጥ ገብቶ ሊያላቅቀው ይፈልጋል። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ በ2003 ዓ.ም. በእነዚህ ማሽኖች ስለሚደርስ ሞትና ጉዳት የተለየ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፣ ማጥፊያው ይቆለፋል፣ ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይገባል፣ የቀረው ግፊት ይለቀቃል፣ ከዚያ ብቻ ይነካል። ይህንንም የሚያደርገው የሠለጠነ ሰው ነው። ሥልጠናውም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ በካሊፎርኒያ የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም የሥራ ደኅንነት ሕግ ይጠብቀዋል።

ዝናብና ብርድ ሲበረታ ሌላም አለ። መጠለያ የሌለው ሰው ደረቅ ካርቶን ያለበትን ፈልጎ ይተኛል። አዝራሩን ከመጫናችሁ በፊት በባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፣ ጮክ ብላችሁ ተጣሩ። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ኮንቴይነሩንም ሌሊት ቆልፉት።

የሱቅ ባለቤት ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ቃል። ከትምህርት ቤት መልስ የሚያግዟችሁን ልጆች ወደዚህ ማሽን አትላኩ። በፌዴራሉ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ኮምፓክተር ማንቀሳቀስም ሆነ ውስጡን ማራገፍ አይፈቀድለትም። ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጆች ደንቡን ባሟሉ አንዳንድ ማሽኖች ካርቶን መጨመር ብቻ ተፈቅዷል። «የራሴ ልጅ ነው፣ የራሴ ሱቅ ነው» የሚለው ምክንያት አደገኛ ተብለው በተለዩ ሥራዎች ላይ አይሠራም።

አባቶቻችን ግንቦት ሳያልቅ የጣራውን ክዳን ያድሱ፣ የቦዩን አፍ ይጠርጉ ነበር። ዝናብ ከጀመረ በኋላ የሚወጣበት ጣራ እንደሚያዳልጥ ያውቃሉና። እኛም በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ቀን በብርሃን፣ ወደ ኋላው ግቢ ብቅ እንበል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ።