«አንቺ እኮ ኦቨርሂት ነሽ!» አለኝ

የዛሬዋን ደብዳቤ የላከችልኝ ፉሪ የምትኖር የ24 ዓመት ወጣት ናት። አራት ገጽ ሙሉ ጽፋ ስላልበቃት ጠርዝ ጠርዙን ሁሉ ሞልታዋለች። እንዳለ ላውጣው ብል ዓምዱ አይችለውም፤ እናም አሳጥሬ ላውጋችሁ።

እናታቸው ወደ ቤይሩት ከሄዱ 6 ዓመት ሆናቸው። ያኔ ጠያቂያችን የ18 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የ8። «አደራሽን ልጄን!» ብለዋት ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ እህትም፣ እናትም፣ አባትም ሆና ታሳድገዋለች። ቀን ጀሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆማ ስትሸጥ ትውላለች። ማታ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ፣ ተጋፍታ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ አዝግማ ፉሪ ቤቷ ስትደርስ ልጅ ሆዬ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ደብተሩ ከቦርሳው አልወጣም። ወጡ አልሞቀም። ዘንድሮ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው!

አንድ ማታ ትዕግስቷ አለቀና ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው። «እማዬ የሰው ሽንት ቤት የምታጥበው አንተን ለማብላት ነው! አንተ ባትኖር ይሄኔ አገሯ ነበረች!» አለችው። ልጁ አለቀሰ። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጠና ሰነበተ። ከወር በኋላ ያችኑ ንግግር ደገመችለት። በሩን በርግዶ ወጣና ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ደብተር የሚባል ነገር አልነካም። ባለፈው ሰሞን ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምርለት ቀና ብሎ እንኳን አልተነሳም። የጆሮ ማዳመጫውን እየሰካ፣ «አንቺ እኮ ኦቨርሂት ነሽ!» ብሏት ወደ ጌሙ ተመለሰ።

«ይሄ ስድብ ነው?» ትላለች ጠያቂያችን። «እንደ አሮጌ ላዳ ነው እንዴ የቆጠረኝ? ስልኩ ላይ ፖኬሞን ኤመራልድ የሚባል ጌም ነው ቀን ከሌት የሚጫወተው። አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት። በልጅነታችን የሞተው አባቴ የሱ አባት አይደለም። ይሄን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሱን ብነግረው ትንሽ ደንግጦ ያርፍ ይሆን?»

ወይ ጉድ! ይቺን መስመር ሳነብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

እስቲ መጀመሪያ ከስድቡ እንነሳ። ጋራዥ ውስጥ «መኪናው ኦቨርሂት አደረገ» ሲባል ራዲያተሩ ውሃ ጨርሶ ሞተሩ ጋለ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ግን ቃሉን ያመጣው ከጋራዥ አይደለም። እኔ በዚህ ነገር ብዙም ስላልሆንኩ ሰፈራችን ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘንድ ሄድኩ፤ ልጅነቱን በዚህ ጌም ያሳለፈ ነው። የእህትየውን ስም ሳልነግረው ጥያቄውን ብቻ ባቀርብለት ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ልጅ ቀላል ሰው አይደለም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖኬሞን የጃፓኖች ጌም ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ነው። የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ሰው ልጅ ሆኖ ነፍሳት እያደነ ይሰበስብ ነበርና ሐሳቡም ከዚያ መጣለት ይባላል። ተጫዋቹ በየሜዳው የሚያገኛቸውን ልዩ ልዩ ፍጡራን ይይዛል፣ ያሳድጋል፣ ከሌላው ጋር በየተራ ያጋጥማል። እያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ዓይነት የማጥቃት አቅም አለው። አንዱ በጡንቻ መማታት ነው። ሁለተኛው «ስፔሻል አታክ» የሚባለው ልዩ የማጥቃት አቅም ሲሆን፣ ኤመራልድ ላይ እሳት መትፋት፣ ውሃ መርጨት፣ መብረቅ መላክ የመሳሰለው ሁሉ በዚህኛው ይለካል።

ኦቨርሂት እንግዲህ ከእሳት ምቶች ሁሉ ከባዶቹ መካከል የሚቆጠር ነው። የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ጃፓን ውስጥ በወጡት ሩቢ እና ሳፋየር ላይ ነው፤ ወንድምሽ የሚጫወተው ኤመራልድ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። የኦቨርሂት ጉልበት ኤመራልድ ላይ 140 ነው (ከ2013 ወዲህ በወጡት ላይ ወደ 130 ዝቅ አድርገውታል)። ፍሌምትሮወር የሚባለው ሌላው የእሳት ምት እዚያው ኤመራልድ ላይ 95 ነው። ታዲያ ማን ነው 140 እያለለት 95 የሚመርጥ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ኦቨርሂት በተመታ ቁጥር የመቺው የራሱ ልዩ የማጥቃት አቅም በሁለት ደረጃ ይወርዳል። አንዴ ከመታ አቅሙ ግማሽ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ከመታ ሲሶ ይቀረዋል። ሦስት ጊዜ ከመታ ሩብ! ስለዚህ የመጀመሪያው ምት እንደ 140 ቢያርፍ፣ ሁለተኛው እንደ 70፣ ሦስተኛው እንደ 47፣ አራተኛው እንደ 35 ነው የሚያርፈው።

ተማሪው እስክሪብቶ አውጥቶ ደመረልኝ። ኦቨርሂትን ሦስት ጊዜ የመታ በጠቅላላው 257 አካባቢ ያገኛል። በፍሌምትሮወር ሦስት ጊዜ የመታ ግን 285። ሁለት ዙር ድረስ ኦቨርሂት ይመራል፤ በሦስተኛው ይበለጣል። ይባስ ብሎ ኦቨርሂት ከ100 ምት 10ሩን ይስታል፤ ፍሌምትሮወር እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ኦቨርሂት 5 ጊዜ ብቻ ተመትቶ ያልቃል፤ ፍሌምትሮወር 15 ጊዜ ይመታል።

እህቴ፣ አሁን ወደ ደብዳቤሽ ተመለሽና ቁጠሪ። መጀመሪያ ቀን፦ እንባ፣ ጾም ማደር፣ ሦስት ቀን ጥናት። ሁለተኛ ቀን፦ በር በርግዶ መውጣት። ሦስተኛ ቀን፦ የጆሮ ማዳመጫ። ወንድምሽ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የነገረሽ!

አንቺ «ልጁ ልቡ ደነደነብኝ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። በጌሙ ሕግ ግን ተመቺው አልደነደነም፤ እሱ እንደነበረ ነው። አቅሙ የወረደው የመቺው ነው። ሌላም ክፉ ነገር አለው፦ አቅሙ ወርዶ ሳለ ያው ፍጡር በፍሌምትሮወር ልምታ ቢል እሱም ግማሽ ሆኖ ነው የሚወጣው። ደብዳቤሽ ገጽ 3 ላይ «አሁን አሁንማ ደብተርህን አውጣ ስለው እንኳን አይሰማኝም፤ ድሮ ይቺን ይሰማኝ ነበር» ያልሽው ይኸው ነው። ትልቁ ቃል ትንሹንም ቃል ይዞብሽ ሄደ።

(በነገራችን ላይ ነገሩ የሚገለበጥለት ፍጡርም አለ። ሰርፔሪየር የሚባል እባብ መሳይ ፍጡር ብርቅ የሆነ ጠባይ ሲኖረው፣ አቅም የሚያወርደው ከባድ ምት እሱን ጭራሽ ያጎለብተዋል። በተቆጣ ቁጥር ጉልበት የሚጨምር የቤት አከራይ ያለው አንባቢ ማንን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።)

ተማሪው ያጫወተኝ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አንቺን አሳሰበኝ። ኤመራልድ ውስጥ ላቫሪጅ የምትባል፣ እንደኛው ፍልውሃ ሙቅ ውሃ ያላት ከተማ አለች። የዚያች ከተማ የጂም መሪ ፍላነሪ የምትባል ወጣት ናት። አያቷ ዝነኛ ተፋላሚ ነበሩ፤ እሷ ግን ሥልጣኑን የያዘችው ገና በቅርብ ነው። ተጋጣሚ ሲመጣባት ትፎክራለች፣ ድምጿን ታጎላለች፣ ከዚያም ከሰል የምታጨስ ኤሊዋን አስወጥታ በኦቨርሂት ታስመታለች። ስትሸነፍ ጊዜ ግን ፉከራው ሁሉ ይቀርና እውነቱን ትናገራለች፦ ለሥራው አዲስ እንደሆነች፣ ያልሆነችውን ለመሆን ከአቅሟ በላይ እንደታገለች፣ በራሷ ጠባይ ካልሄደች የያዘቻቸው ፍጡራን ግራ እንደሚጋቡ። ከዚያ ኦቨርሂትን ለአሸናፊው የምትሰጠው እሷው ራሷ ናት። ወንድምሽ ይቺን ልጅ አልፎ ነው የሚጫወተው። «ኦቨርሂት ነሽ» ሲልሽ በ18 ዓመትሽ እናት ሁኚ የተባልሽውን አንቺን አላሰበም ብዬ አልምልም።

እናስ ምን ይሻላል?

ስለ አባትየው ጉዳይ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ጌሙ ውስጥ ኤክስፕሎዥን የሚባል ምት አለ፣ ጉልበቱ 250። የመታው ፍጡር ግን ፈንድቶ እዚያው ይወድቃል። ያሰብሽው ይሄንኑ ነው። በንዴት መካከል «አባትህ አባትህ አይደለም» ብትይው ልጁ መደንገጡስ ይደነግጣል፤ ነገር ግን በማግስቱ ደብተሩን ከፍቶ ሒሳብ የሚሠራ ይመስልሻል? አባቱን ያጣል፣ እናቱን ይጠረጥራል፣ «ግማሽ እህቴ» እያለ አንቺን ማየት ይጀምራል። ያን ቃል ደግሞ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ምስጢሩ የእናትሽ ነው። ለብቻሽ ሆነሽ ደውዪላቸው። «እማዬ፣ ይሄን ልጅ አንቺ ራስሽ ንገሪው» በያቸው። ከተቻለ ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ በሰላም ቀን፣ አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ። ለዘላለም ተሸፍኖ ይቅር አላልኩም! ሰው አፉን መቼ እንደሚከፍት አይታወቅምና አንድ ቀን ከባዳ ከሚሰማው ከእናቱ ቢሰማ ይሻለዋል። ብቻ ከአንቺ አፍ በጩኸት እንዳይወጣ።

«እማዬ በአንተ ምክንያት ነው» የምትለዋንም ንግግር ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። የ8 ዓመት ልጅ ማንንም ቤይሩት አልላከም። ማታ ተኝቶ ይሄን ቃል እንደሚያሰላስለው አልጠራጠርም፤ የጆሮ ማዳመጫው ድምፅሽን እንጂ ትዝታውን አይከለክለውም።

የወረደውን አቅም መመለሻ ጌሙ ውስጥ ካሉት መንገዶች ሁለቱን ልንገርሽ። አንደኛው ፍጡሩን ከሜዳ ማስወጣት ነው። ወደ ኳሱ ተመልሶ ሌላ ጊዜ ሲገባ አቅሙ እንደ ድሮው ሙሉ ይሆናል። አንቺም ከሥራ እንደገባሽ አፍሽን አትክፈቺ። ጫማሽን አውልቂ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ጎረቤት ቡና ካለ አንድ ስኒ ጠጪና ተመለሺ። የታክሲ ሰልፉን ንዴት ይዘሽበት አትግቢ፤ ሰልፉን ያመጣው እሱ አይደለም። ሁለተኛው ነጭ ቅጠል ነው። የፍላነሪ ኤሊ የምትይዛት ናት፤ አቅም ሲወርድ ወዲያው ትመልሳለች። ግን አንዴ ካገለገለች አለቀች! ይቅርታ እንደዚያው ናት። አንድ ቀን፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ፣ «ስለ እማዬ ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው፤ ይቅር በለኝ» በይው። «ግን አንተም እኮ…» የሚል ጭራ አትቀጥይበት። በሳምንቱ ያንኑ ስድብ ደግመሽ ሌላ ይቅርታ ይዘሽ ብትመጪ ግን አይሠራልሽም።

ከዚያ በኋላ በ95ቷ ሂጂ። አጭር፣ የማይለዋወጥ፣ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ የሚነገር ነገር፦ «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ጌም፣ ከ1 እስከ 3 ደብተር፣ ከ3 በኋላ ስልኩ እኔ ጋ ያድራል።» በመጀመሪያው ቀን ተአምር አይታይም፤ በሦስተኛውም ላይታይ ይችላል። አትጨምሪበት፣ አትቀንሺለት። መብራት በጠፋ ማታ እንኳን ሰዓቱን አትሰርዢ፤ ሻማ ለኩሰሽ ጥያቄውን አንቺ አንብቢለት።

ጌሙን ግን ስለ ጌምነቱ ብቻ አትጥዪው። ይሄ እንደ ውርርድ ቤቱ ኪስ የሚያራግፍ ቁማር አይደለም፤ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ግማሽና ሲሶ ነው የሚያሰላው። እንዲያውም ይቅርታውን ባልሽው ማግስት አጠገቡ ቁጭ በይና «እስቲ ያቺን ኦቨርሂት የምትመታዋን ልጅ አሳየኝ» በይው። አልፏት ከሆነ እንዴት እንዳሸነፋት ይተርክልሽ። ውሃ የሚረጭ ይዞ ገብቶ እንደሆነም ጠይቂው፤ እሳት በውሃ እንደሚሸነፍ አንቺም ታውቂያለሽና ወሬ አይጠፋችሁም።

የሚኒስትሪው ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ። እናትሽ ምን እንዳሉም ጭምር። ወረቀት ካጠረሽ በሁለቱም ገጽ ጻፊበት፤ ጠርዙን ለማንበብ መነጽር አስፈልጎኝ ነበር።

ቸር እንሰንብት!