"አንቲኦክሲዳንት ነርቭ ያድናል" ለምትሉ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንቲኦክሲዳንት ኪኒን የሚሸጠው በዝቷል። ኤ.ኤል.ኤስ. ለያዘው ሰው ቤተሰብ ሳይቀር! ያበሳጨኛል፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ኤ.ኤል.ኤስ. ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው፤ የስቴፈን ሆኪንግን ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በፈረንጆቹ 1993 ተመራማሪዎች በዘር በሚተላለፈው ዓይነት ላይ ሶድ-ዋን የሚባል ጂን ተበላሽቶ አገኙ። ጂኑ የሚያሠራው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ያመክናል። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች ወዲያው "በቃ ኢንዛይሙ ጠፋ፣ ነርቩ ተቃጠለ" ትላላችሁ። ሻጮቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ግን አይደለም። ጂኑ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ኤ.ኤል.ኤስ. አልያዛቸውም። የራሳቸው ደህና ጂን እያላቸው የተበላሸው የሰው ጂን የተጨመረባቸው ግን ሽባ ሆነው ሞቱ። ችግሩ የኢንዛይም እጥረት አይደለማ! በትክክል ያልታጠፈው ፕሮቲን ራሱ እየተጣበቀና እየተከማቸ ነርቩን ይመርዘዋል። በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት የሚሠራው የዚህን ፕሮቲን ምርት በመቀነስ ነው። እሱም ቢሆን ይሄ ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው፤ ከ100 ሕሙማን 2 ቢሆኑ ነው። ቫይታሚን ኢም በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ፈውስ አልሆነም።

ብርቱካኑንም ጎመኑንም ብሉ፣ ማን ከለከለ። በሽተኛ ያለበት ቤት ግን ብሩን ለዊልቸር፣ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለአስታማሚ ይፈልገዋል። ኪኒኑን ከሚሸጡት መካከል የቀድሞ ተማሪዎቼም አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ኢንቦክስ ኑና እንነጋገር።