ጥፋቱ የበሬው አይደለም

የራያ በሬ ሥጋ ጠንካራ ነው የሚል ሐሜት በሰማሁ ቁጥር ቆቦን የሰደቡብኝ ይመስለኛል። እስቲ ልጠይቅ፤ ጎድኑ ስንት ሰዓት እሳት ላይ ቆየ?

ቀንበር ተሸክሞ ሞፈር ሲጎትት ኖሮ በማሽላ አገዳ የሰባ በሬ ጎድኑ ጅማት ይበዛዋል፤ አልክድም። ነገር ግን ሥጋውን ያያያዘው ስስ ጅማት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሰዓታት በዝግታ ሲሞቅ ይሟሟል፤ ሥጋውን ያለሰልሳል፣ መረቁንም ያወፍራል። የሚሻው ጊዜን እንጂ ነበልባልን አይደለም። እኛ ግን በሚንቀለቀል እሳት ላይ እንጥለዋለን፤ ውጭው ያርራል፣ ውስጡ እንደ ጠፍር ይደርቃል። ከዚያም በሬውን እንወቅሳለን!

ከሰል ተወደደ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከሰል የሚፈጀው ችኮላ ነው። እናቴ ጎድኑን በጨው አሽታ፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጋ፣ ድስቱን ከድና ረመጥ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ትተወው ነበር። ሥጋው ከአጥንቱ ሊላቀቅ ሲል ብቻ አዋዜ ቀብታ በእፍኝ ፍም ላይ ታገላብጠዋለች። ጥርሳቸውን የጨረሱት አያቴ እንኳ ድርሻቸውን ለማንም አይተዉም ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ላረሰልን በሬ ሦስት ሰዓት መታገሥ እንዴት ያቅተናል?